ፋውንቴን ፔኔ ግማሽ ገጽ ላይ ይደርቃል፣ ላስተካክለው ወይስ ሌላ ልግዛ?

የማታ_ደብተር

ሰላም ለሁላችሁም። ፋውንቴን ፔን ውስጥ የገባሁት ሰሞኑን ነው፣ በፊት ሁሉንም ነገር በእስክሪፕቶ ነበር የምጽፈው፣ ግን ተጭኜ ስለምጽፍ ትንሽ ከቆየሁ ጣቶቼን ያመኛል፣ ፋውንቴን ፔን አይጫኑትም ሲባል ሰማሁና ገዛሁ። ብራንዱ ብዙም አይታወቅም ስለዚህ ስሙን መጥራት ዋጋ የለውም። ኒቡ (የሚጽፈው ጫፍ) ብረት ነው፣ ሚዲየም ይላል፣ መካከለኛ ውፍረት ማለት ነው፣ ውስጡ የሚጠመዘዝ ኮንቨርተር፣ ማለትም ቀለም ስቦ የሚይዝ ቱቦ አለው፣ ከጠርሙስ ነው የምሞላው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሞልቼው ስጀምር አሪፍ ነው፣ እንደውም ቀለሙ ይበዛል። ከዛ ግማሽ ገጽ ገደማ ስደርስ መስመሩ እየሳሳ እየሳሳ ይመጣና ጭራሽ ይደርቃል። ፈትቼ ሳየው ኮንቨርተሩ ውስጥ ቀለም አለ!! ጎኑን በጣቴ መታ መታ ካደረግኩት ይነሳል፣ ትንሽ ይጽፍና ተመልሶ ያው።

ሌላው ደሞ ፊደል ይደፍንብኛል። በእንግሊዝኛ ስጽፍ ምንም አይልም፣ አማርኛ ላይ ግን "ቋ" እና "ጨ" ዓይናቸው ይጠፋል፣ "ዕ" ማ ጥቁር ነጥብ ሆና ነው ቁጭ የምትለው።

እና ይሄ ብዕር ይድናል ወይስ ሌላ ልግዛ? ሌላ ከተገዛ የወርቅ ኒብ ነው እንጂ ብረት አይረባም ሲሉ እሰማለሁ፣ እውነት ነው? ማጠብ ላይም ግራ ገብቶኛል፣ አንዱ በሙቅ ውሃ ይላል፣ አንዱ በአልኮል ይላል፣ አንዱ ጭራሽ አይነካም ይላል።

ሰማያዊ_ጥቁር

ወንድሜ ለጊዜው ሌላ ብዕር አትግዛ። ፋውንቴን ፔን አልጽፍ ሲል መጀመሪያ የሚታየው መቼ ነው የሚያቆመው የሚለው ነው፣ አንተ ደሞ ጥሩ አድርገህ ነግረኸናል።

ክዳኑን ከፍተህ የመጀመሪያዋ ጭረት ላይ አልነሳም ብሎ ከዛ በኋላ ሰላም ከሆነ፣ ወይ ክዳኑ በደንብ ስለማይገጥም ጫፉ ላይ ቀለም ደርቋል፣ ወይ ደሞ ፋብሪካ ላይ ጫፉን ሲያለሰልሱት ከመጠን አሳልፈው ኒቡ መሃል ያለውን የስንጥቁን ከንፈር ወደ ውስጥ አጉብጠውታል፣ ያኔ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ አለ ግን ወረቀቱን አይነካም። ወደ አንድ አቅጣጫ ስትስበው ብቻ የሚጫጭርና የሚዘል ከሆነ ደሞ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጥርሶች እኩል አልሆኑም፣ በማጉያ መነጽር ከፊት ለፊት ስታየው አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ይታይሃል፣ ከፍ ያለውን በጥፍርህ ቀስ አድርገህ ወደ ታች መጫን ነው። ያንተ ከሁለቱም አይደለም። ጥሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚደርቅ ብዕር ኒቡ ጤነኛ ነው፣ ከኋላ ቀለም አልደርስ ብሎት ነው።

እንዴት መሰለህ። ከኒቡ ሥር ያለችው ጥቁር ፕላስቲክ ፊድ ትባላለች፣ ጎን ለጎን እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀች ናት። ከጠርሙስ ስትሞላ ፊዷም አብራ ቀለም ትጠጣለች፣ መጀመሪያ ላይ የሚበዛብህ ለዛ ነው። ያን ግማሽ ገጽ የጻፍከው ፊዷ ላይ በተጠራቀመው ቀለም ነው በቃ። እሱ ሲያልቅ ከኮንቨርተሩ መውረድ አለበት፣ ለመውረድ ደሞ በወጣው ቀለም ልክ አየር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። በዛች ፊድ ላይ ባሉት ቀጫጭን ቦዮች ቀለም ይወርዳል አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሉዊስ ዋተርማን በ1884 ፓተንት ያወጣበት ነገር ይሄው ነው፣ ዛሬም መሠረቱ አልተቀየረም።

አሁን ቀጭን ኮንቨርተር ላይ ምን ይሆናል፣ አየሩ ይገባና ፊት ለፊት አፉ ጋ አረፋ ሆኖ ይቀመጣል፣ ቀለሙ ከኋላ ፒስተኑ ጋ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይንጠለጠላል፣ ጫፉን ወደ ታች ብትደፋው ራሱ አይወርድም። መታ መታ ስታደርገው የሚነሳው ያ ተጣብቆ የነበረው ስለሚላቀቅ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደርቅብህ ሳትነቀንቀው ቀስ ብለህ ፈተህ ብርሃን ላይ ያዘው፣ ቀለሙ ከኋላ አየሩ ከፊት ከሆነ በቃ አገኘኸው።

መጀመሪያ የምታደርገው ማጠብ ነው። አዲስ ብዕር ከፋብሪካ ሲወጣ ፊዱም ኮንቨርተሩም ላይ የማሽን ቅባት ሊኖር ይችላል፣ ቅባት ያለበት ላይ ቀለም እንደልቡ አይሄድም። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ኒቡን ነክረህ ኮንቨርተሩን እየጠመዘዝክ ሳብ ግፋ ሳብ ግፋ ታደርገዋለህ፣ ውሃው ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከዛ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንዲት ጠብታ የእቃ ሳሙና ጨምረህ ትደግመዋለህ፣ ከዛ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹህ ውሃ። ሙቅ ውሃ አይሆንም፣ ፊዱን ሊያጣምመው ይችላል። አልኮል ደሞ አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚሰነጥቀው እሱን እርሳው። ሲያልቅ ኒቡን ወደ ታች አድርገህ ሶፍት ላይ አቁመህ አሳድረው፣ ሶፍቱ የቀረውን ውሃ ይስበዋል።

ጆሮ ማጠቢያ የሚሆነው የላስቲክ መንፊያ ካለህ አፉን ብዕሩ ጀርባ ላይ ገጥመህ ውሃ ብትነፋበት ኮንቨርተር ስትጠመዝዝ ከምትውል በጣም ይፈጥናል።

ታጥቦም ካልተስተካከለ ኮንቨርተሩ ውስጥ ትንሽ የማይዝግ የብረት ኳስ መጨመር ነው፣ ብዕሩን ባንቀሳቀስከው ቁጥር ወዲህ ወዲያ እያለች ቀለሙን ታላቅቀዋለች። አንዳንድ ኮንቨርተር እንደውም ከፋብሪካው እንዲህ ያለ ነገር ገብቶለት ነው የሚመጣው።

ጠብታ

እሱ የቀለሙን ፍሰት ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ፊደሉ ልበል ምክንያቱም ይሄ ነገር ብዙ ሰው ፋውንቴን ፔን እንዲተው ያደርጋል ብዬ ነው የማስበው።

ኒብ ላይ ፋይን ሚዲየም እያለ የሚጻፈው የታወቀ ልክ የለውም፣ ሁሉም ፋብሪካ እንደራሱ ነው። በጥቅሉ ግን የጃፓኖቹ ከአውሮፓዎቹ አንድ ደረጃ ያህል ይቀጥናሉ፣ የፓይለት ወይ የሴይለር ሚዲየም ከአውሮፓ ፋይን ጋ ይቀራረባል። ጃፓኖች ካንጂ የሚባለውን ፊደል ይጽፋሉ፣ ብዙ ጭረት ትንሽዬ ቦታ ላይ ማጨቅ አለባቸው፣ ስለዚህ ቀጭን ይፈልጋሉ። የኛም ፊደል ከዛ አይርቅም እኮ! "ሚ" እና "ሜ"ን የሚለያቸው እግሯ ጋ ያለችው ቀለበት ናት፣ ቀለበቷ ከተደፈነች "ሜ" ተነስታ "ሚ" ትሆናለች። "ቢ"ና "ቤ"፣ "ሊ"ና "ሌ" ሁሉም እንደዛው ናቸው። እንግሊዝኛ ፊደል ላይ ትንሽ ቢደፈን ከዙሪያው ይገመታል፣ እኛ ጋ ግን ቃሉ ራሱ ይቀየራል።

ስለዚህ አማርኛ በመደበኛ መጠን፣ ማለቴ ተራ ደብተር መስመር ላይ ለሚጽፍ ሰው የአውሮፓ ሚዲየም ወፍራም ነው። የአውሮፓ ከሆነ ኤክስትራ ፋይን፣ የጃፓን ከሆነ ፋይን። እጁ በጣም ትንንሽ የሚጽፍ ደሞ የጃፓን ኤክስትራ ፋይን። ፕላቲነም ፕሬፒ የሚባለው የጃፓን ብዕር ላይ ነገሩ ቀላል ነው፣ 02፣ 03፣ 05 ብለው ቁጥር ሰጥተውታል፣ 03 የሚለው ፋይን ነው፣ እኔ አማርኛ የምጽፈው በሱ ነው "ጬ" ራሷ ዓይኗ ይታያል። ግን ቀጭን ኒብ ስትገዛ አንድ ነገር እወቅ፣ በቀጠነ ቁጥር ወረቀቱን ይበልጥ ይሰማሃል፣ እንደ ወፍራሙ አይንሸራተትም። ያ ብልሽት አይደለም፣ ጸባዩ ነው።

ሌላው ወረቀት ነው። ያው ኒብ ያው ቀለም ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት መስመር ይሰጥሃል። ቀለሙ ክሩን ተከትሎ ወደ ጎን ጸጉር የሚያበቅል ከሆነ ወረቀቱ ጠጪ ነው፣ ምንም ኒብ ብትቀይር አይድንም። ብዙ ሰው ወፍራም ወረቀት ሲያይ ጥሩ ነው ይላል፣ ቶሞኤ ሪቨር የሚባለው የጃፓን ወረቀት ግን 52 ግራም ብቻ ሆኖ፣ ማለትም ከተራ ፎቶ ኮፒ ወረቀት በጣም ሳስቶ፣ ቀለም ወደ ጀርባ አያሳልፍም። ሲሰራ ገጹ ላይ የሚደረግለት ነገር ነው ወሳኙ። (ከጀርባው ጽሑፉ በጥላ ይታያል እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ስስ ስለሆነ።) ሮዲያ እና ክሌርፎንቴን የሚባሉት ደብተሮችም ጥሩ ናቸው፣ ቀለሙ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ገጽ ቶሎ የሚገለብጥ ሰው ይቀባባበታል። ደብተር ከመግዛትህ በፊት መጨረሻ ገጹ ላይ አንዲት "ቋንቋ" ጽፈህ ገልብጠህ እያት፣ በቂ ፈተና ናት።

የማታ_ደብተር

ኧረ እህታችሁ ነኝ ሃሃሃ ችግር የለም።

በጣም ነው የማመሰግነው። አጠብኩት፣ በሳሙናም በንጹህም። ውሃው መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ከዛ ንጹህ ሆነ፣ ሳሙናውን ስጨምር ደሞ እንደገና ሰማያዊ ወጣ!! የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ። አሁን ከበፊቱ ይሻላል፣ ገጹን ይጨርሳል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ይሳሳል። ሳልነቀንቀው ብርሃን ላይ ያዝኩት፣ ልክ እንዳልከው ቀለሙ በሙሉ ከኋላ ተለጥፎ ከፊት ባዶ ነው። ኳሷን እፈልጋለሁ እንግዲህ።

የወርቅ ኒብ ጥያቄዬን ግን ማንም አልመለሰም። እና ሌላ ጥያቄ፣ የምጽፈው ማስታወሻ ውሃ ቢነካውም እንዳይጠፋ ስለምፈልግ ቤት ውስጥ ያለ የስዕል ጥቁር ቀለም ጠርሙስ አለ፣ የቻይና ቀለም የሚባለው፣ እሱን ልሙላበት? በጣም ጥቁር ነው ደስ ይላል።

አሮጌ_ኒብ

የስዕል ቀለሙን አስቀምጪው!!! እባክሽ ከብዕሩ አጠገብ ራሱ አታድርሺው።

የቻይና ቀለም ውስጥ ጥላሸትና ማጣበቂያ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ሼላክ የሚባለው ሙጫ ነው፣ ሲደርቅ እንዳይለቅ ተብሎ የተሰራ ነገር ነው፣ እና ፊዱ ውስጥም ደርቆ አይለቅም። ውሃ አይፈታውም። ያ ቀለም የሚሰራው እየነከሩ ለሚጽፉበት ብዕርና ለብሩሽ ነው፣ ወዲያው ጠርገሽ ታስቀምጫለሽ። አክሪሊክ የሚባለውም እንደዛው። ጠርሙሱ ላይ ለፋውንቴን ፔን የሚል ካልተጻፈበት አይሞላም፣ ክርክር የለውም።

ውሃ የማይፈራ ከፈለግሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለፋውንቴን ፔን ተብሎ በጣም ደቆ የተሰራ ፒግመንት ቀለም (ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ዱቄት ያለበት) ነው፣ ፕላቲነም ካርቦን ብላክ ወይም የሴይለር ኪዋጉሮ። ጥቁር ናቸው፣ ውሃ ብትደፊበት ንቅንቅ አይሉም። ግን በየቀኑ የሚጻፍበት ብዕር ላይ ብቻ፣ ትተሽው ከሄድሽ ይደርቅብሻል። ሁለተኛው አይረን ጎል የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው፣ የብረት ጨውና ከዕፅዋት የሚገኘው ታኒን ነው ነገሩ፣ ስትጽፊ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣና አየር ሲያገኘው ዓይንሽ እያየ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚይዝ በውሃ ቢታጠብም ጥቁሩ ይቀራል። የፔሊካን 4001 ብሉ ብላክ ከዚህ ወገን ነው። እኔ ደብዳቤ በሱ ካልሆነ አልጽፍም። አሲድነት ስላለው ኒቡ ወርቅ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፣ ብዕሩንም ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው፣ ተራ ቀለም በሞላሽ ቁጥር ባታጥቢ ምንም አይልም፣ አይረን ጎል ግን እንደዛ አይደለም። ሁለቱን ቀለም ሳታጥቢ እላይ በላይ እንዳትሞዪ ደሞ፣ ተገናኝተው ዝቃጭ ሊሰሩ ይችላሉ።

ለአሁኑ ችግርሽ ግን ፔሊካን 4001 አይረዳሽም ምክንያቱም ደረቅ ቀለም ነው፣ ማለትም ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው። ቀለም ለሚያንሰው ብዕር የሚፈስ ቀለም ነው የሚሰጠው፣ የፓይለት ኢሮሺዙኩ ወይም ዋተርማን ሰማያዊው። ብዙ የሚያፈስ ብዕር ያለው ሰው ደሞ ተቃራኒውን ያድርግ። ይሄን ማንም ለጀማሪ አይነግርም፣ ብዕር ቀይር ኒብ ቀይር ይላሉ እንጂ።

ወርቁ ላይ እንምጣ። ወርቅ ኒብ የተጀመረው የድሮ ቀለም አሲድ ስለነበረ ብረቱን እየበላ ስላስቸገረ ነው፣ ወርቅ አይበላም። አሁን የማይዝግ ብረት አለ፣ ያ ምክንያት አብዛኛው አልፏል። 14 ካራት ከሆነ ደሞ 58.5 ከመቶው ነው ወርቅ፣ ሌላው ቅይጥ ነው። እና ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ መሰለሽ? ጫፏ ላይ የተበየደች የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ነጭ ነገር አለች፣ ሰው ኢሪዲየም ይላታል፣ በጣም ጠንካራ የብረታ ብረት ቅይጥ ናት፣ ብረት ኒብ ላይም ወርቅ ኒብ ላይም ያለችው እሷው ናት። ልስላሴው የሚመጣው እሷ በምን ጥንቃቄ ተሞረደች ከሚለው ነው። በደንብ የተሞረደ ብረት ኒብ በግዴለሽነት የተሞረደ ወርቅ ኒብን ሜዳ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ወርቁ ለስለስ ብሎ ትንሽ የሚሰጥበት ኒብ አለ አይካድም፣ የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ግን እንደ ብረቱ ድርቅ ያሉ ናቸው። በዛ ላይ አንቺ ተጭኜ ነው የምጽፈው ብለሻል፣ ተጫኝ እጅ ወርቅ ኒብ ላይ ጥርሶቹን ገንጥሎ ይከፍታቸዋል፣ ብረቱ ቢያንስ ይቋቋምሻል። መጀመሪያ እጅሽ ይለመድ።

ችኩል_እጅ

እኔ በዚህ አልስማማም ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰው መጻፍ ፈልጎ ነው የመጣው እናንተ ኳስ ፈልጊ፣ አጉልተሽ እዪ፣ ሳሙና በጠብታ ትሉታላችሁ። ጀማሪ ከብዕር ጋ ሲታገል ከርሞ ነው ተስፋ ቆርጦ ወደ እስክሪፕቶ የሚመለሰው። አንድ ከሳጥን አውጥተው የሚጽፉበት ብዕር ይኑራት፣ ጥገናውን በትርፍ ጊዜዋ ትማር።

ፓይለት ሜትሮፖሊታን ወይ ካኩኖ፣ ፋይን፣ አለቀ። የካኩኖ ኒብ ላይ ፈገግ ያለች ፊት ተስላለች፣ የተሰራው ለልጆች ነው ግን ኒቡ ከሜትሮፖሊታኑ ጋ አንድ ዓይነት ነው፣ ማንም አያሾፍብሽም። ላሚ ሳፋሪም አለ፣ ከ1980 ጀምሮ እየተሰራ ነው፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ወድቆም በቀላሉ አይሰበርም፣ ኒቡ ለብቻው ተጎትቶ ወጥቶ ይቀየራል፣ ሚዲየም ገዝተሽ ካልተመቸሽ ሙሉ ብዕር ሳትገዢ ኤክስትራ ፋይን ኒብ ብቻ ትገዢለታለሽ። ብቻ መያዣው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጣትሽን በግድ አንድ ቦታ ያስቀምጥሻል፣ አያያዝሽ ከዛ ውጪ ከሆነ ትጠይዋለሽ፣ ሳትይዢው አትግዢ።

አንድ ሁሉም የሚረሳው ነገር ደሞ፣ ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጠው ትንሽ ቱቦ፣ ሁሉ አንድ አይደለም። ፓይለት የራሱ ነው፣ ላሚ የራሱ፣ ፓርከር የራሱ፣ ፕላቲነምና ሴይለር የየራሳቸው። ፔሊካን፣ ካቬኮ፣ ፋበር ካስቴል ምናምን ስታንዳርድ ኢንተርናሽናል የሚባለውን ይወስዳሉ። በሰፈርሽ የምታገኚው ካርትሪጅ የቱ እንደሆነ አይተሽ ብዕሩን ብትመርጪ ይሻላል። ከጠርሙስ ብቻ የምትሞዪ ከሆነ ግን ግድ የለም።

ሰማያዊ_ጥቁር

እሺ ችኩል እጅ እውነትህን ነው፣ የሚጽፍ ብዕር በጎን ይኑራት፣ ካኩኖ ፋይን እኔም እደግፋለሁ። ግን ይሄኛውን ትጣለው ብትል አልሰማህም፣ ምክንያቱም እዚህ የተማረችው ነገር ነገ ካኩኖው ላይም ያስፈልጋታል። ኮንቨርተር ላይ ቀለም መንጠልጠል የአንድ ብራንድ ነገር አይደለም፣ ቀጭን ኮንቨርተር ሁሉ ላይ ይመጣል።

እህቴ ኳሷን የት አገኛለሁ ካልሽ፣ አንዳንድ ካርትሪጅ አፉ የሚዘጋው በትንሽ ኳስ ነው፣ ካርትሪጁ ካለቀ በኋላ ኳሷ ውስጡ ትቀራለች፣ ቆርጠሽ አውጥተሽ አጥበሽ ኮንቨርተሩ ውስጥ ብትከቻት ትሆናለች። ብቻ መጀመሪያ በኮንቨርተሩ አፍ መግባቷን፣ ከገባች በኋላም አፉን የማትደፍን መሆኗን እዪ። ተራ የብስክሌት ኩሽኔታ ኳስ ምናምን እንዳትጨምሪ፣ ቀለም ውሃ ነው፣ ይዝጋል።

ስለ መጫን አሮጌ ኒብ ያነሳው ነገር ላይ ልጨምር። ብዕሩን ከበፊቱ ወደ ኋላ ራቅ አድርገሽ ያዢው፣ ከኒቡ ራቅ ማለቴ ነው፣ ትንሽም አጋድሚው፣ እስክሪፕቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል ይሄ ግን ጋደም ይላል። ከዛ የራሱ ክብደት ብቻ ወረቀቱ ላይ ይረፍ፣ እጅሽ መንገድ ያሳየዋል በቃ። ጣትሽን የሚያምሽ ነገር ብዙው እዚህ ጋ ይለቅሻል። ሲደርቅ ደሞ ሰው በደመ ነፍስ ይጫናል፣ መጫን ለትንሽ ጊዜ ጥርሶቹን ከፈት አድርጎ ቀለም ያወርዳል ስለዚህ የሰራ ይመስላል፣ ሲደጋገም ግን ስንጥቁ ሰፍቶ ይቀራል፣ ከዛ ቀለሙ ወደ ጫፉ መድረስ ያቆማል።

ግራ_እጅ_ነኝ

ርዕሱን ላለማስቀየር አጭር ጥያቄ፣ በግራ እጅ የሚጽፍ ሰው ፋውንቴን ፔን ይሆንለታል? እኔ የጻፍኩትን በእጄ እየጠረግኩ ነው የምሄደው።

ጠብታ

ይሆናል። እጅህ ከመስመሩ በታች ሆኖ የሚጽፍ ከሆነ ምንም ችግር የለብህም። ከላይ አጥፈህ ከሆነ የምትይዘው ያው መጥረጉ አይቀርም፣ ቀጭን ኒብ፣ ደረቅ ቀለም፣ ጠጣ የሚያደርግ ወረቀት፣ ሦስቱንም አንድ ላይ አድርግ። ለሌላው ሰው ጥሩ የምንለው የማይጠጣ ወረቀት ላንተ ጠላት ነው። ደሞ ኒቡን ወደ ፊት እየገፋህ ስለምትጽፍ በጣም ቀጭኖቹ ወረቀት ሊቧጭሩብህ ይችላሉ፣ ከፋይን አትውረድ።

የማታ_ደብተር

ኳሷን ከካርትሪጅ አወጣኋት ገባች!! ሙሉ ሙሉ ገጽ እየጻፈ ነው አሁን፣ ስጽፍ ቲክ ቲክ የሚል ድምጽ አላት እንደውም ወደድኳት። ሚዲየሙን ለርዕስና ለትላልቅ ጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ፣ ለደብተሩ ፕሬፒ 03 አዝዣለሁ (ችኩል እጅ ካኩኖው ቀጣይ ነው አትቆጣ)።

መጨረሻ ጥያቄ፣ ሁለት ብዕር ከሆነ አንዱ ሳይጻፍበት መቀመጡ አይቀርም፣ ቀለሙን እንደያዘ ይቀመጥ ወይስ ላውጣው? እና በቅርቡ በአውሮፕላን የምሄድበት ጉዳይ አለ፣ ይፈሳል ይባላል።

አሮጌ_ኒብ

ለጥቂት ቀን ከሆነ እንደሞላ ይቀመጥ፣ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቁም ወይ ጋደም ይበል። ከዛ በላይ ከሆነ ባዶ አድርገሽ አጥበሽ አድርቀሽ አስቀምጪው፣ ከብዕሩ ውሃው ይተንና ቀለሙ እየወፈረ ነው የሚሄደው፣ ፊዱ ውስጥ የሚደርቀው ያ የወፈረው ነው። ፕሬፒው ግን በዚህ ልዩ ነው፣ የፕላቲነም ክዳን ውስጥ በስፕሪንግ ተገፍቶ ኒቡን የሚዘጋ ሌላ ውስጠኛ ክዳን አለ፣ ወራት ብትተዪው ተነስቶ ይጽፋል። ስለዚህ ቀለም እንደያዘ የሚቀመጠው እሱ ይሁን፣ ሌላኛውን እጠቢው። ደርቆ ካገኘሽው ኒቡን ውሃ ውስጥ ነክረሽ አሳድሪው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይለቃል። በጣም እምቢ ካለ ብቻ አንድ እጅ የቤት አሞኒያ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ትንሽ ቆይቶ በደንብ ማለቅለቅ፣ አሉሚኒየም ያለበት ብዕር ላይ ግን አሞኒያ አይነካም።

አውሮፕላኑ ላይ የሚያፈሰው ቀለሙ ራሱ አይደለም፣ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ነው። ከፍ ሲል በዙሪያው ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ፊት ያለውን ቀለም ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ወይ አፉ ድረስ ሙሊው አየር እንዳይኖር፣ ወይ ጨርሰሽ ባዶ አድርጊው፣ ግማሽ የሆነ ብዕር ነው የሚያቆሽሽሽ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ኒቡ ወደ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አየሩ ሲሰፋ ከቀለሙ በላይ ስለሚሆን በኒቡ በኩል ዝም ብሎ ይወጣል። ለማንኛውም በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢው፣ ካረፍሽ በኋላም ክዳኑን ስትከፍቺ ከነጭ ልብስ ራቅ አድርገሽ።